ለውሻችን ሐኪም እንድንመርጥ ላስተማሩን ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ነሐሴ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዶክተር በዛብህ አንዳርጌ
የወንዝ ዳር የእንስሳት ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ጓድ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ለሚተዳደሩት ሠራተኞች በሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ ከልቤ እመኛለሁ። የዘንድሮው የነሐሴ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መንገድ እንዳልዘጋብዎ፣ ላንድሮቨርዎም አሸዋ ውስጥ ገብቶ ሥራ እንዳላስተጓጎለብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም አንድ የስኳር ሕመምተኛ ጡረተኛ ደህና ሊሆን የሚችለውን ያህል ደህና ነኝ።

ስሜ ሣህሉ ወልደ ማርያም ይባላል። የከዚራ ሠፈር ነዋሪ ስሆን ዕድሜዬን የጨረስኩት በባቡር ጣቢያ የትኬት መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ነው። ይህንን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በመላክ ፈንታ በጣቢያዎ በር ላይ በተሰቀለው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ ሳይሆን ተጋብዤ ነው፤ በሰሌዳው ግርጌ «ሂስ ያለው ወገን ሁሉ እዚህ ይለጥፍ» የሚል በቀይ ቀለም የተጻፈ ጥሪ አለና። ሂስ ለመቀበል ያለዎትን ጉጉት እያደነቅሁ፣ የእኔ ግን ከሂስ ይልቅ ምስጋናው ስለሚያመዝን ቦታ ካጣበብኩ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ በእርስዎ ስም በወጣው ጽሑፍ ነው። ርዕሱ «ለቤት እንስሳዎ የሚስማማውን የሕክምና ጣቢያ እንዴት ይመርጣሉ?» ይል ነበር። ቆሜ አነበብኩት፤ ቤቴም ሄጄ ለባለቤቴ ለወይዘሮ በለጠች በቃሌ አወራሁላት። በከተማችን ያለው የእንስሳት ሕክምና ጣቢያ አንድ ብቻ፣ እርሱም የእርስዎ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ይወቅልኝ። እኔ በትኬት መስኮቴ ፊት ቆሞ ወደ ጅቡቲ ከሚሄዱት ባቡሮች መካከል የትኛውን ልምረጥ ብሎ የጠየቀኝ መንገደኛ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ያለችው አንዲት ባቡር ነበረቻ። እርስዎ ግን ሌላ በሌለበት መምረጥን ሊያስተምሩን ተነሡ። ይህን ያህል የሚያምነን ኃላፊ ማግኘት መታደል ነው ብዬ ምክሮችዎን አንድ በአንድ በሥራ ላይ ለማዋል ወሰንኩ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ታካሚው ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ውሻችን ሼፍ ይባላል። በእኛ በባቡር ሰዎች ዘንድ ሼፍ የጣቢያ ሹም ማለት ነው፤ ባቡር ባፏጨ ቁጥር ከበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚያሳልፈው እርሱ ስለሚመስለው ይህን ስም ያወጣችለት በለጠች ናት። ለማንኛውም እርስዎ እንዳይቀየሙ፣ ስሙ የወጣለት እርስዎ ኃላፊ ሳይሆኑ በፊት ነው።

በለጠች ዓይኗን በግላኮማ ካጣች ቆይታለች። ዓይኗ እንደጠፋ ሰሞን ከቤት መውጣት ትታ ነበር፤ እኔ እጇን ይዤ ልውሰድሽ ስላት ሸክም ሆኜ አልዞርም እያለች እንቢ ትለኝ ነበር። ከዚያ ይህ ውሻ መጣ። ማንም አላሠለጠነውም። ከአጠገቧ አልለይም ብሎ ሲከተላት፣ ሲከተላት፣ አንድ ቀን ገመድ አሰረችለትና ገመዱን ይዛ ወጣች። ጋሪ ሲመጣ ይቆማል፤ ቦይ ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይገፋታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ እርሱ ከአጥሩ ውጭ ጥላ ሥር ተኝቶ ይጠብቃታል። በእርሱ ምክንያት ባለቤቴ የማንንም እጅ ሳትለምን ፀሐይ ሞቃ፣ ሰው ሰላም ብላ ትመለስ ነበር። ስለዚህ ለእኛ ቤት የሼፍ ጤና የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም።

አሁን ወደ ምክሮችዎ ልግባ።

አንደኛ፦ «አንድ ጣቢያ ብቻ አይተው አይወስኑ፤ ያሉትን አማራጮች ሁሉ ያወዳድሩ» ብለዋል።

አወዳደርኩ። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ከአብዮቱ በፊት ከቤታችን ጀርባ ይኖር የነበረው፣ ድመትና ውሻ የሚያክመው ግሪካዊ ሐኪም ነው። እርሱ አገሩ ገብቷል፤ ቤቱ ደግሞ ተወርሶ የኅብረት ሱቅ ሆኗል። ከሼፍ በፊት የነበሩንን ውሾች ይመረምርበት በነበረው ክፍል ውስጥ ዛሬ ስኳር በኮታ ይታደላል። ተሰልፌ፣ ሐኪሜ እንዳልቀምስ የከለከለኝን ስኳር ለበለጠች ተቀብዬ ወጣሁ፤ ስለ ውሻ የሚጠየቅ ሰው ግን አልነበረም። ቀጥዬ ለውጭ ገበያ የሚላኩ ከብቶች ወደሚመረመሩበት ግቢ ሄድኩ። በር ላይ ያገኘሁት ሠራተኛ ውሻው የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ከሆነ ብቻ እንደሚያስገባው በትሕትና ገለጸልኝ። በመጨረሻም እስከ መልካ ጀብዱ ወርጄ ግመል በጋለ ብረት እየተኮሰ በማከም የታወቀውን ወርሳሜን አነጋገርኩ። ወርሳሜ ሼፍን ከሩቁ ሲያየው ቆየና ውሻ ተኩሼ አላውቅም፣ ብረቱ ግን አለ፣ ትከሻው ላይ ነው የምትፈልገው ወይስ ታፋው ላይ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ሁሉ ዙረት ምርጫ ያቀረበልኝ ሰው ወርሳሜ ብቻ ነው።

በዚህ መሠረት የእርስዎ ጣቢያ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ዕጩው አንድ ሲሆን የድምፅ ቆጠራ እንደማያደክም ከቀበሌያችን ልምድ ወስጃለሁ።

ሁለተኛ፦ «ጎረቤቶችዎን ይጠይቁ፤ የተጠቃሚ ምስክርነት ከሁሉ ይበልጣል» ብለዋል።

በግድግዳ የምትጎራበተን የፍየል ወተት የምትሸጥ ሀዎ የምትባል ሴት አለች። የእኛ አገር ሰው እንደሚያደርገው ሽማግሌ ሳትል፣ አንቱታ ሳታበዛ ነው የምታናግረኝ። ስጠይቃት ሳቀችብኝ። «አቦ ተው ጋሽ ሣህሉ! እዚያ ፍየል ይዘህ ስትሄድ ወረቀት አምጣ ይሉሃል፤ ወረቀቱን ይዘህ ስትመለስ ፍየሏ የለችም። ለውሻማ ማን በር ይከፍትልሃል፣ ዋላሂ!» አለችኝ። እኔም ጠንካራ አንባቢዎ ስለሆንኩ ይህ የግድግዳ ጋዜጣ የማያነብ ሰው ወሬ ነው ብዬ ገሠጽኳት። ዛሬ በዚሁ ሰሌዳ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ሦስተኛ፦ «እንስሳዎ ሳይታመም አስቀድመው ጣቢያውን ይጎብኙ፤ ንጽሕናውንና የሠራተኛውን አቀባበል ይመልከቱ፤ ክትባትም ያስጀምሩ» ብለዋል።

ሼፍን አስከትዬ መጣሁ። ስለ ንጽሕናው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መድኃኒት ስለሌለ የወዳደቀ ብልቃጥ የለም፤ ታካሚ ስለማይገባ ኩበት አይታይም፤ የምርመራው ጠረጴዛ ላይ የአሥረኛው የአብዮት በዓል መፈክሮች ቀለማቸው እንዲደርቅ በሥርዓት ተዘርግተዋል። የሠራተኞችዎም አቀባበል የሚደነቅ ነበር። መዝጋቢው ላም ወተት፣ በግ ሥጋ፣ አህያ ጉልበት እንደሚሰጡ ካስረዳኝ በኋላ የእኔ ውሻ ምን እንደሚያመርት ጠየቀኝ። ምንም አያመርትም፣ ዓይነ ስውር ባለቤቴን ይመራል አልኩት። ጥቂት አሰበና በትራንስፖርት ዘርፍ ከአህያና ከግመል ተርታ መዘገበው። በዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለበለጠች ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች።

ክትባቱ ግን ከበዓሉ በኋላ እንደሚመጣ ተነገረን። ለተከተበ ውሻ የሚሰጠውን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ቀይ ቆርቆሮ እንኳ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ቆርቆሮው የሚሰጠው ለተከተበ ነው አሉኝ። ክትባቱ ከሌለ ማን ነው ታዲያ የተከተበ ብላቸው ለጊዜው ማንም እንደሌለ በግልጽነት አስረዱኝ። በለጠች ነገሩን ስትሰማ ከአሮጌ ቀሚሷ ጫፍ ቀይ ጨርቅ ቆርጣ በዳሰሳ ሰፋችለትና አንገቱ ላይ አሰረችለት። መልሼ ባሳያቸው ጨርቅ ቆርቆሮን እንደማይተካ ተነገረኝ። ልክ ናቸው፤ ደንብ ደንብ ነው።

አራተኛ፦ «ድንገተኛ አደጋ ቢደርስ በማናቸውም ሰዓት በር የሚከፍት ሰው መኖሩን ያረጋግጡ» ብለዋል። በዚህ ነጥብ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ስለምናገር ይታገሡኝ።

ዕለቱ በፍልሰታ ጾም ውስጥ የዋለ ቀን ነበር። እኔ ሳሙና መጥቷል ተብሎ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። በለጠች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሼፍ መንገድ ዳር ካለው ጥላ ሥር ቆመ። ገመዱ ሲላላ፣ ሲያኝክም ስትሰማ ሥጋ እንዳገኘ ገባት። በዚህ ዘመን እኛ ራሳችን ሥጋ የምናየው ከስንት አንዴ ነውና ለእርሱ ደስ አላት። አልጎተተችውም። «አንተ አትጾም፤ ብላ፣ ዛሬ ቀንቶሃል» ብላው እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው። ይህንን በኋላ ያወራችልኝ እርሷው ናት፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

ቤት ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ገመዱ ከእጇ ሊመነጨቅ ምንም አልቀረውም። ሼፍ ወድቆ ይንፈራገጥ ጀመር። ጋሪ የገጨው መሰላት። ወዴት እንደምትሄድ ስለማታውቅ ገመዱን እንደ ጨበጠች፣ ስሙን እየጠራች፣ መንገድ መካከል ቆማ ቀረች። ጋሪዎች በግራና በቀኝ ያልፏታል። ጩኸቷን ሰምታ የወጣችው ሀዎ ናት። በሃይማኖቷ ውሻ መንካት የማይፈቀድላት ሀዎ፣ የሻሿን ጫፍ እጇ ላይ ጠምጥማ ገመዱን ከበለጠች ጣቶች አላቀቀች፤ ለሽያጭ ያሰበችውን ወተትም አምጥታ በአፉ አፈሰሰችለት፤ ከዚያም ሥርዓቷ እንደሚያዝዛት እጇን በአፈርና በውኃ ደጋግማ ስትታጠብ ደረስኩ። «ቶሎ በል፣ ይዘኸው ሂድ! እማማ በለጠችን ለእኔ ተዋት» አለችኝ።

የሠፈራችን ባለ ጋሪ ዋበሪ ፈረሱን እያስጋለበ ወደ እርስዎ ጣቢያ አደረሰን። ውሻ ጭኖ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሼፍ እጄ ላይ እንደ እንጨት ይገተራል፣ ደግሞ ይላላል። አልሞተም ነበር። ዓይኑ ያየኝ ነበር።

ክቡር ጓድ፣ በምክርዎ መሠረት በር የሚከፍት ሰው መኖሩን አረጋግጫለሁ። ዘበኛዎ ዋይስ ወዲያውኑ ከፍቶልኛል። ከበሩ በስተጀርባ ሐኪም መኖሩንም ያረጋግጡ የሚል ቃል በጽሑፍዎ ውስጥ ስላልነበረ፣ አለማረጋገጤ የእኔ ጥፋት ነው። ሐኪሞቹ የት ናቸው ስለው ዋይስ አንገቱን ደፍቶ ዘመቻ ወጥተዋል አለኝ። ለአሥረኛው በዓል ከተማው እንዲጸዳ፣ ቆርቆሮ የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ሥጋ ለማስወገድ ከረዳት ሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኛ ድረስ አንድ ሳይቀር ተሰማርቷል። እንግዲህ በሽተኛው ወደ ሐኪሙ ሲመጣ ሐኪሙ ወደ በሽተኛው ሄዷል ማለት ነው። በመንገድ ተላልፈናል።

ስጠብቅ ሰሌዳውን አየሁ። ውሾች በዚያ ቀን በቤት ታስረው እንዲውሉ የሚያዝዝ ማስታወቂያ በራስዎ ጽሑፍ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ የቀረችው የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ናት፤ «እንስሳዎን እንደ ቤተሰብ አባል የሚያይ ጣቢያ ይምረጡ» ትላለች። ይህን ማስታወቂያ እኛ ስለምን አልሰማንም ብዬ ዋይስን ጠየቅሁት። በሌሎቹ ሠፈሮች መኪና ድምፅ ማጉያ ይዞ እንደዞረ፣ የከዚራ ሰው ግን ፊደል የቆጠረ ስለሆነ ወረቀቱን ያነባል ተብሎ እንደታለፈ ነገረኝ። ስለ ሠፈራችን ላለዎት ከፍተኛ ግምት በነዋሪዎች ሁሉ ስም አመሰግናለሁ። ባለቤቴም ዓይኗ ሳይጠፋ በፊት ጥሩ አንባቢ ነበረች።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በቆርቆሮና በጨርቅ ስንከራከር ነበር እንጂ፣ ቆርቆሮ ያለው ውሻ መንገድ ላይ ያንን ሥጋ ቢያገኝ እኔ የተመዘገብኩ ነኝና አልበላም ብሎ እንዲያልፍ ጣቢያዎ ምን ዘዴ አዘጋጅቶ ነበር? መርዙ እንደሆነ የከዚራ ሰው አይደለም፤ ማንበብ አይችልም።

ሼፍ እዚያው በርዎ ላይ ሞተ። የተኛው በዋይስ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ዋይስ ራሱ አንጥፎለት።

ጥቂት ቆይቶ ላንድሮቨርዎ መጣ። ጓንትዎን እያወለቁ ወረዱ፤ ሼፍንም አዩት፤ እኔንም አዩኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሁለት ሠራተኞች አንስተው መኪናው ላይ ከተከመሩት የሞቱ ውሾች ላይ ጣሉት። እርስዎም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ ለዘመቻው ብለው እዚህ ድረስ ይዘው መምጣትዎ የሚያስመሰግን ነው፣ ስለ ትብብርዎ ከልብ እናመሰግናለን አሉኝ።

በሕይወቴ ብዙ ዓይነት ሰው በትኬት መስኮት በኩል አናግሬያለሁ፤ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አፌ ተያዘ። ገመዱ እጄ ውስጥ ነበር። ይህ ደብዳቤ ያን ጊዜ ልሰጥዎ የሚገባኝ መልስ ዘግይቶ የመጣ ነውና ስለ መዘግየቱ ይቅርታዎ አይለየኝ።

በሳምንቱ መጀመሪያ ዘመቻው ከዕቅድ በላይ መሳካቱን የሚያበሥር ሪፖርት እዚሁ ሰሌዳ ላይ አንብቤያለሁ። እንኳን ደስ አለዎ። ከቁጥሩ ላይ ግን አንድ እንዲቀንሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእኛ ውሻ በራስዎ መዝገብ ላይ የትራንስፖርት ዘርፍ አባል ስለሆነ ከባዘኑ ውሾች ጋር ሊቆጠር አይገባውም።

አምስተኛ፦ «ጥሩ ሐኪም ክፉም ቢሆን እውነቱን ለእንስሳው ባለቤት በግልጽና ሳይዘገይ ይነግራል» ብለዋል።

ወደ ቤት ስመለስ በለጠች ከሀዎ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሬን ሰምታ ተነሣችና እንዴት ሆነልኝ አለች። ሞተ ለማለት ነበር የተዘጋጀሁት። ከአፌ የወጣው ግን ሐኪሙ አስተኝቶታል የሚል ሆነ። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ እርስዎን መረቀችዎ፤ ስምዎን ጠይቃኝ በስምዎ ነው የመረቀችዎ። ሀዎ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች።

ለምን ዋሸህ ይሉኝ ይሆናል። ጋሪ እንዳልገጨው ከነገርኳት ወዲህ የሚጥል በሽታ ይዞት ነው ብላ ነው የምታምነው። ዛሬ ተነሥቼ መርዝ በልቶ ሞተ ብላት፣ ቀጥላ የምታስበውን አውቃለሁ። ቆማ ያስበላችው እርሷ ናት። ብላ ብላዋለች። ይህንን ለባለቤቴ መንገር አልችልም፤ ሞክሬያለሁ፣ አልቻልኩም። ዓይኗን ስታጣ ያልተሰበረች ሴት በዚህ ትሰበርብኛለች ብዬ እፈራለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣችም። የፍልሰታ ማርያም በዓል ዕለት እንኳ ቤት ዋለች። እጅሽን ልያዝና እንሂድ ብላት፣ ሼፍ ድኖ እስኪወጣ እጠብቀዋለሁ፣ ቦታዬን ለሌላ ሰጠችብኝ እንዳይለኝ ብላ ሳቀች። በየጧቱ መቼ ነው የሚወጣው ትለኛለች። እኔም በየጧቱ ሐኪሙ ትንሽ ይቆይ ብሏል እላታለሁ። እርስዎ ሳያውቁት በእኛ ቤት ውስጥ እጅግ ትጉህ ሐኪም ሆነዋል፤ ሌሊት ሳይቀር እየተነሡ ያዩታል፣ መርፌውንም በእጅዎ ይወጉታል። የሠራሁልዎ ስም የሚያኮራ ነው።

ስለዚህ ክቡር ጓድ፣ ካሣ አልጠይቅዎትም፤ ሌላ ውሻም አልፈልግም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በራስዎ አምስተኛ ምክር መሠረት ቤታችን ድረስ መጥተው እውነቱን እርስዎ ይንገሯት። ሼፍ መሞቱን ብቻ አይደለም፤ ሥጋው የማን እንደነበረ፣ ማን እንደለወሰው፣ ማን መንገድ ላይ እንዳስቀመጠው፣ ማስታወቂያውም ለማያይ ዓይኗ እንደተለጠፈ ይንገሯት። ከእኔ ብትሰማው ሊያጽናናኝ ነው ብላ አታምነኝም። ከእርስዎ አፍ ከወጣ ግን፣ የበላው በእርሷ ጥፋት እንዳልሆነ ታምን ይሆናል። ቤታችን ከኅብረት ሱቁ ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው ነው፤ ቢጠፋብዎ ዋበሪ ያደርስዎታል።

ይህንን የምታነቡ ወዳጆችና ጎረቤቶችም፣ ዶክተሩ እስኪመጡ ድረስ በበለጠች ፊት ነገሩን እንዳታነሡብኝ አደራ እላለሁ። ደብዳቤው ለሁላችሁም ግልጽ ነው፤ የተዘጋው ለእርሷ ብቻ ነው።

በከተማችን ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ አወዳድሮ የእርስዎን የመረጠ፣ ምርጫውንም እስከ ዕለተ ሞቱ የማይረሳ፣ ለጽሑፍዎ ታማኝ አንባቢ፣ ለዘመቻዎ ሳያውቅ የተባበረ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣዎ፣

ሣህሉ ወልደ ማርያም
የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ
ከዚራ

ማስታወሻ፦ በለጠች ውለታዎን ለመመለስ ብላ ለእርስዎ የሚሆን የጋቢ ጥጥ መፍተል ጀምራለች። በድሬዳዋ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግላቸዋል ብላት፣ ሐኪምም ይታመማል፣ ያን ጊዜ ይደርበዋል አለችኝ። ቁመትዎንም ጠይቃኛለች፤ ሲመጡ ራሷ በእጇ ትለካዎታለች። ከነገሯትም በኋላ ቢሆን ትለካዎታለች፤ ለሰው ብላ የጀመረችውን ፈትል አቋርጣ አታውቅም። ፊትዎን ስለማታይ አይሳቀቁ።